ስባሪ የማትተው ታንኳ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር የሚደርስ መንገደኛ፣ የጎጃምን ደጋ አቋርጦ በጣና ዳር ሲቆም፣ ከደንገል የታሰረች ታንኳ ማገዶ ጭና ከዘጌ ስትመጣ ያይ ይሆናል። በአሠራሯ ረጅም ዕድሜ ያላት መርከብ ናት፤ ታሪኳ ግን እንደ ሌሎች መርከቦች ታሪክ አይመረመርም።

ባታቪያ የተባለችው የሆላንድ የንግድ መርከብ በ1629 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላትማ ተሰበረች። በ1970ዎቹ የቅርስ አጥኚዎች የኋላ ጎኗን ከባሕር አወጡ። በ2021 የታተመ ጥናት የጣውላዋን የዕድገት ቀለበቶች መርምሮ፣ እንጨቱ ከባልቲክ አካባቢ፣ ከሉቤክ ዙሪያና ከታችኛው ሳክሶኒ ደኖች መቆረጡን ገለጠ። የሰጠመ ጣውላ ስለ አናጢውም፣ ስለ ደኑም፣ ስለ ነጋዴውም ይመሰክራል።

በዚያው ዘመን፣ ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) በነገሡበት ጊዜ፣ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ የጣና ታንኳዎች ከእንጨት ሳይሆን በሐይቁ ዳር ከሚበቅል ተክል እንደሚሠሩ ጽፏል። የእነዚያ ታንኳዎች ምስክር የት ይፈለግ? ደንገል ይበሰብሳል፤ ቀለበት የለውም፣ ምስማር የለውም። ስለዚህ አጥኚው የሚጠይቀው የሐይቁን ግርጌ ሳይሆን የሠሪውን እጅ ነው።

ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ እየተጠቀለለ በገመድ ጠብቆ ይታሰራል፤ የፊቱም ጫፍ ወደ ላይ ይቆለመማል። የአውሮፓ መርከብ የሚንሳፈፈው ውኃ የማያስገባ ቅርፊት ስላለው ነው። ታንኳ ግን ቅርፊት የላትም፤ የምትንሳፈፈው በተክሉ ውስጥ ባለው አየር ነው። ቀዳዳ አያሰጥማትም፤ የሚገድላት ቀስ በቀስ ውኃ መጠጣቷ ነው። ከጉዞ መልስ ወደ ዳር ተስባ በፀሐይ የምትደርቀውም ለዚሁ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል አለመሆኑን ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በገንዘቡና በድካሙ ተምሮታል። በ1969 ራ የተባለችውን መርከብ ከጣና በተወሰደ ደንገል የቻድ ሐይቅ ሠሪዎች ሠሩለት። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ ተወጥሮ የሚታየው ገመድ ግን ቀረ፤ የኋላ ክፍሏም ውቅያኖስ ላይ ሰጠጠ፤ መርከቧ መንገዷን ሳትጨርስ ተተወች። በ1970 የተሠራችው ሁለተኛዋ ራ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። አንዲት ገመድ!

ይህን መሰል ዕውቀት በጣና ዙሪያ ይዞ የቆየው ወይጦ የሚባለው ማኅበረሰብ ነው። ጎረቤቶቹ ጉማሬ አዳኝ እያሉ አራቁት፤ ቤቱን በንቀት እየሸሹ በታንኳው ግን ተሻገሩ። ማኅበረሰቡ የራሱን ቋንቋ ትቶ አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ ቆይቷል፤ በጠፋው ቋንቋ እያንዳንዱ እስር ምን ይባል እንደ ነበር መዝግቦ ያቆየ የለም።

የደንገሉ ረግረግ በእርሻ፣ በግጦሽና በግንባታ ተመናምኗል። እምቦጭም ከ2011 ጀምሮ በተለይ በሰሜኑ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ወደ ዘጌ የሚሻገረው መንገደኛ ዛሬ በሞተር ጀልባ ይሄዳል፤ ሞተሩ የሚያስነሣው ማዕበል ሲያልፍባት፣ ማገዶ የጫነችው ታንኳ ከፍ ዝቅ ብላ ጉዞዋን ትቀጥላለች።