ስለ ሐረር አውቶሞቢሎች፤ አሮጌው ፔጆ 404 እና ባለ ቱርቦው

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በሐረር ከተማ የሚገኙትን አሮጌዎቹን ፔጆ 404 እና ከእነርሱ በኋላ የመጡትን ባለ ቱርቦ የቤት አውቶሞቢሎች፥ በባለቤቶቻቸው እጅ እንዴት እንደሚኖሩ ማነጻጸር ነው። ለዚሁ ሥራ በዕረፍት ጊዜያችን አቦከር በሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ተቀምጠን ሾፌሮችንና መካኒኮችን ጠይቀናል። አውቶሞቢል ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ነገር አይደለም የሚል ቢኖር፥ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ዕቃም እንደ ግንብና እንደ ብራና ታሪክ እንደሚናገር እናሳስበዋለን። በውጭ አገር የተደረገውን ነገር በእ.ኤ.አ.፥ በአገራችን የተደረገውን በዓ.ም. አመልክተናል።

እንደሚታወቀው ጁገል የሚባለው የሐረር ግንብ የተሠራው በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ ነው። አምስቱ የጥንት በሮችና በውስጥ ያሉት ጠባብ መንገዶች የተለኩት ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነበር። ሐረር በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ የተከፈተው ሰፊ በር ነው ዛሬ አውቶሞቢልን እስከ ፈረስ መጋላ የሚያደርሰው። ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ሲሆን፥ ፈረሶቹ ከቀሩ በኋላ ቦታውን ታክሲዎች ወረሱት። እንግዳ ሰው እንዳይሳሳት መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ግን ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው።

የሐረር አውቶሞቢል ታሪክ ከባቡር መንገድ ተለይቶ አይታይም። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ተራራውን ሳይወጣ ቀረ፤ ስለዚህ ሐረር ከባቡሩ በላይ በደጋ ተቀመጠች። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፥ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደንገጎን የሚያህል ዳገት አለበት። ሰውም ቡናም ፖስታም በዚህ ዳገት መውጣትና መውረድ ነበረበት። ከዚህም የተነሣ የሐረር ሰው አውቶሞቢልን የሚመዝነው በዳገት ላይ ነው። የባቡሩ ኩባንያ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ፥ ጅቡቲም እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ እጅ ስለ ነበረች፥ በዚህ አገር የፈረንሳይ አውቶሞቢል መወደዱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ፔጆ 404 በፈረንሳይ አገር የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ቅርጹን የነደፈው የኢጣልያው ፒኒንፋሪና ሲሆን፥ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ብቻ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሞተሩ 1,618 ሴንቲ ሜትር ኩብ፥ ጉልበቱ በመጀመሪያ 72 ፈረስ ነበር። በጥንካሬው ምክንያት የምሥራቅ አፍሪካውን የሳፋሪ ውድድር በ1963፥ በ1966፥ በ1967ና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። ለባለቤቱ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች እንደ እጅጌ ከሞተሩ አካል የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሲበላ ሞተሩን ወደ ትልቅ ፋብሪካ መላክ ሳያስፈልግ እጅጌውንና ፒስተኑን ለውጦ እንደገና ማስነሣት ይቻላል። ባትሪ ቢደክም እንኳ በማዞሪያ ብረት ይነሣል።

እዚህ ላይ ስለ ደጋ አየር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል። በሐረር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጅቡቲ ወደብ 72 ፈረስ የነበረው 404 ሐረር ሲደርስ 60 እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ይህን ድካም ለማካካስ የሚችለው ቱርቦ ነው። የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ በ1905 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው አሳብ መሠረት፥ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ትንሽ መንኰራኵር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛ መንኰራኵር አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መሣሪያ ለመፈተን የአውሮፕላን ሞተር ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ፥ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ አውጥቶ፥ ሞተሩ በቆላ የነበረውን ጉልበት መልሶ እንዲያገኝ አድርጓል። እንግዲህ ቱርቦ ከመጀመሪያው በተራራ ላይ የተፈተነ ስለ ሆነ፥ ለእኛ ደጋ ባዕድ ነው ልንለው አንችልም።

በቤት አውቶሞቢል ላይ ግን የገባው ዘግይቶ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት ልዩ ፈሳሽ ይፈልግ ነበር፤ ብዙ ባለቤቶች ፈሳሹን ሳይሞሉ ስለሚነዱት ችግር በዛበትና በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ቆመ። በ1973 እ.ኤ.አ. ቢ ኤም ደብልዩ 2002 ቱርቦን ሲያወጣ የነዳጅ ችግር ዘመን ደረሰበት። ቱርቦን ለዕለት ተዕለት መንገድ የሚስማማ በማድረግ የታወቀው በ1977 እ.ኤ.አ. የታየው የስዊድኑ ሳብ 99 ነው። ፔጆም ራሱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከቢ ኤም ደብልዩ ጋር በሠራው 1,598 ሴንቲ ሜትር ኩብ ባለ ቱርቦ ሞተር 150 ፈረስ ጉልበት አግኝቷል። ስፋቱ ከ404 ሞተር ጋር እኩል ሊባል ጥቂት ሲቀረው፥ ጉልበቱ ከእጥፍ ይበልጣል።

በወረቀት ላይ ክርክሩ እዚህ ያበቃል፤ በአቦከር ግን አላበቃም። ከእኛ የአንዱ አጎት የልብስ ነጋዴ ሲሆኑ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተበድረው ያገለገለ ባለ ቱርቦ አውቶሞቢል ገዙ። ደንገጎን ሲወጡ ማርሽ ሳይለውጡ የጭነት መኪናውን ሁሉ ያልፉ እንደ ነበር በደስታ ነግረውናል። በሁለተኛው ዓመት ጉልበቱ ደከመ፥ ሰማያዊ ጭስም ይወጣ ጀመር። ምክንያቱ ዘይቱ በጊዜው አለመለወጡ ነበር። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር የሚደገፈው በቀጭን የዘይት ሽፋን ነው፤ ዘይቱ ከቆሸሸ፥ ወይም ሞተሩ ከዳገት እንደ ወጣ በትኩሳቱ ቢጠፋና ዘይቱ ቢያርር፥ ኩሽኔታው ይበላል። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ አውቶሞቢሉ አራት ወር በሸራ ተሸፍኖ ቆመ፤ ብድሩ ግን አልቆመም። በዚያን ጊዜ ቤተ ሰቡን ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ ያመላልስ የነበረው የአንድ ጎረቤት 404 ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሏል ይህ ነው።

የጎረቤቱ አውቶሞቢል ባለቤት አዛውንት ሾፌር ናቸው። «ጋሼ፥ የትኛው ይሻላል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ የእኔዋ ዳገቱን ቀስ ብላ ትወጣለች፤ ብትሰበር ግን እዚሁ ሰፈር እጠግናታለሁ። ያኛው ፈረስ ነው፤ ቀለቡን ካላወቃችሁለት ይሞትባችኋል» አሉን።

ይሁን እንጂ አሮጌውን ያለ ልክ ማመስገን ተገቢ አይመስለንም። 404 በካርቡራቶር የሚሠራ ስለ ሆነ ቤንዚን ያባክናል፤ ጭሱ ይበዛል፤ ለአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢት የለውም። በታክሲነቱም ብዙውን ሥራ ባጃጅ ወስዶበታል። አዲሱ ደግሞ በጉልበትና በደኅንነት ይበልጠዋል፤ ለደጋው አየርም የተስማማ ነው። የአጎታችን አውቶሞቢል የተበላሸው ቱርቦ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ዕቃው ከዕውቀቱ ቀድሞ ስለ መጣ ነው። የጄትፋየር ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል፤ እዚያም የጐደለው ባለቤቱ ማድረግ የሚገባውን ማወቁ ነበር። በሐረር 404ን ያኖረው የፋብሪካው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከመካኒክ ወደ ረዳት የተላለፈ የእጅ ትምህርት ነው።

ነገሩ ዛሬ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ አውቶሞቢል ባረጀ መጠን ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጠ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ አውቶሞቢሎች፥ አሮጌዎቹም ባለ ቱርቦዎቹም፥ ዕድሜያቸው የሚረዝመው በጥገና ነው። የኤሌክትሪኩም ቢሆን መካኒኩ ሳይማር ቢበዛ የአጎታችን ዕጣ ይደርሰዋል። ስለዚህ የቴክኒክ ተማሪዎች የአሮጌዎቹን መካኒኮች ዕውቀት ሳይጠፋ እንዲመዘግቡ፥ የአዲሶቹንም ጥገና በአማርኛ ጽፈው ወደ ጋራዦች እንዲያደርሱ አሳብ እናቀርባለን።

አዛውንቱ ሾፌር ስንሰናበታቸው ልጆቻቸው ባጃጅ እንደሚነዱና 404ን መፍታት እንዳልተማሩ አጫውተውናል። እኛም የሞተሩን አፈታትና አገጣጠም እንደ ነገሩን ተራ በተራ በደብተር ጽፈን፥ ተነቦላቸው ካረሙት በኋላ አንዱን ቅጂ ለእርሳቸው ትተናል። አጎታችንም ከእርሳቸው በተማሩት መሠረት ዛሬ ከዳገት ሲደርሱ ሞተሩን ጥቂት ሳያሳርፉ አያጠፉትም።