ነፋስን መከለል፦ ከበርኖስ እስከ ሞተር ሳይክል መስታወት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በደብረ ብርሃን የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ከመጀመሬ በፊት አንድ ልመና አለኝ። በመጨረሻ ጥያቄ የምታቀርቡ ሁሉ እባካችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። «ሰ»ን ከ«ፈ» ከሩቅ መለየት ከተሳነኝ ቆይቷል፤ «ሳቀ» የሚለኝን ሰው «ፋቀ» ያለ እየመሰለኝ እሰማዋለሁ። ሐኪም ዘንድ በቀረብሁ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «ወፍጮ ቤት ወይም ፋብሪካ ሠርተሃል?» የሚል ነበር። በሁለቱም አልሠራሁም። ወደ ማስተማር ሥራ ከመግባቴ በፊት ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ በግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሞተር ሳይክል ተመላልሻለሁ። ለብዙ ዘመን ጆሮዬን የጎዳው የሞተሩ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። የጎዳኝ ነፋሱ ነው፤ ይልቁንም ከነፋሱ ይሸሽገኛል ብዬ በገዛ ገንዘቤ ያሠራሁት መስታወት ነው። የዛሬው ገለጻ የዚያ ስሕተት ታሪክ ነው።

ነፋስን የመከለል ጥበብ በዚህ አገር ከሞተር እጅግ ይቀድማል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማቸውን የቆረቆሩባት ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል ከሚያሳየው ገደል ብዙም ሳትርቅ የተቀመጠች ናት። በበጋ ከምሥራቅ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ በሜዳው ላይ የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። የመንዝና የአካባቢው ሰው ለዚህ ብርድና ነፋስ መልሱን ያገኘው ከበጉ ነው፤ በርኖሱና ዝተቱ የዚህ ምስክሮች ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በከተማችን የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም የዚሁ የሱፍ ታሪክ ተከታይ ምዕራፍ ነው።

በርኖስ ለበስ እረኛ ነፋስ ሲመጣበት ጀርባውን ይሰጣል እንጂ ፊት ለፊት አይጋፈጥም። ሱፉ ነፋሱን በሩቁ አይመልሰውም፤ ጥቂቱን ያሳልፋል፣ ፍጥነቱንም በጭረቶቹ መካከል ይገድለዋል። በርኖስ ስለታም ጠርዝ የለውም። ጠርዝ የሚለውን ቃል እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ የነገሩ ቁልፍ እርሱ ነውና።

ሞተር ወደዚህ አገር የመጣበትን መንገድ በአጭሩ ላንሣ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው የባዶልዮ ባለሞተር ጦር በጣርማ በር ላይ አርበኞች ባፈረሱት መንገድ ተገትቶ፣ ከዚያም በደብረ ብርሃን አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው በኋላ በዚያው በር፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ዋሻ ፈልፍሎ የአስመራን መንገድ አቀና። ከነጻነት በኋላ በዚህ መንገድና ከእርሱ በሚገነጠሉት ጥርጊያዎች ላይ ሞተር ሳይክልን የተለመደ ያደረጉት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፦ የጤና፣ የእንስሳት ሕክምናና የግብርና ሰዎች። መንገዱን የሠራው መሐንዲስ ስለ ተሽከርካሪው ክብደት አስቧል፤ በላዩ የሚቀመጠው ሰው ራሱን ምን እንደሚያገኘው ግን ያሰበለት አልነበረም።

እኔም ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነበርሁ። የተሰጠኝ 100 ሲሲ ያማሃ ከፊቱ ምንም መከለያ አልነበረውም። ነፋሱ ደረቴን ስለ በረደኝ ከአንድ ጋራዥ ዘንድ ሄጄ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጦ በመሪው ላይ እንዲያስርልኝ አደረግሁ። ደረቴና እጄ ወዲያው ሞቁ። ራሴ ግን ይናጥ ጀመር፤ ሄልሜቱ ወዲያና ወዲህ ይማታል፣ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ከበሮ ያለ ድምፅ ይጎሰማል። መስታወቱ አጥሮ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ተመልሼ በየጊዜው አራት አራት ጣት አስረዘምሁት። ባስረዘምሁት ቁጥር ባሰ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እስቲ ቆርጠን እናሳጥረው» ቢሉኝ እንደ ቀልድ ቆጠርሁት።

አንድ ነገር ግን አስተውዬ ነበር። ኮረኮንቹ ሲበዛ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በእግር መርገጫው ላይ ስቆም ንጠቱ በድንገት ይጠፋና ጩኸቱ ወደ ቀላል ፉጨት ይለወጣል። ስቀመጥ ይመለሳል። ራሴ ከመስታወቱ ከፍ ብሎ ሙሉው ነፋስ ሲያገኘው ጸጥ ይላል፤ መስታወቱ ሲሸፍነው ይናጣል ማለት ነው። ይህን በየቀኑ አየሁት፤ ትርጉሙን ግን ሳልጠይቅ ስድስት ዓመት አለፈ።

ትርጉሙን የሚነግረን ሳይንስ በዚያን ጊዜ አንድ ምእተ ዓመት ያለፈው ነበር። የቼኩ ሊቅ ቪንሴንስ ስትሩሃል እ.ኤ.አ. በ1878 ነፋስ ሲነካው ስለሚያዜም ሽቦ ባሳተመው ጥናት የድምፁ ቅጥነት በነፋሱ ፍጥነትና በሽቦው ውፍረት እንደሚወሰን አሳየ። ቴዎዶር ፎን ካርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 ገደማ ከእንቅፋት ጀርባ አዙሪቶች አንድ ጊዜ ከቀኝ፣ አንድ ጊዜ ከግራ ተራ በተራ እየተላቀቁ እንደሚሰለፉ በሒሳብ አብራራ። በመስታወት ጠርዝም የሚሆነው የዚህ ዘመድ ነው። ከጠርዙ በላይ ፈጣን ነፋስ ያልፋል፤ ከጀርባው የተዳከመ አየር ይቀመጣል። ሁለቱ በሚፋተጉበት ስስ ንጣፍ ላይ አዙሪት ይጠነሰሳል፣ እየተንከባለለም ወደ ኋላ ሲሄድ ያድጋል። የነጂው ራስ በዚያ መንገድ ላይ ከተገኘ አዙሪቶቹ አንድ በአንድ ይመቱታል። መስታወት ነፋስን አያጠፋም፤ የሚያርፍበትን ስፍራ ይለውጣል እንጂ። የእኔን ሦስት ጊዜ ያስረዘምሁት አዙሪቱን ከደረቴ ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬም ወደ ጆሮዬ ለማንሣት ኖሯል።

የሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ ራሱ ይህን የተማረው ቀስ ብሎ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞቶ ጉዚ በማንዴሎ ሙሉ ሞተር ሳይክል ከነነጂው የሚገባበት የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ነበረው፤ ፍላጎቱ ግን ለእሽቅድምድም የሚሆን ፍጥነት ነበር። የፊት ጎማውን ጨምሮ የሚሸፍነው ሽፋን በጎን ነፋስ አደገኛ ሆኖ በመገኘቱ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1957 የውድድር ዘመን ፍጻሜ በኋላ ከለከለው። ስለ ነጂው ምቾት በዋሻ ውስጥ የተጠና ሙሉ ሽፋን በስፋት ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 በቢኤምደብልዩ አር 100 አርኤስ ነው። ሆኖም ዋሻው አንድ ጉድለት አለው፦ ነፋሱ ሁልጊዜ ከፊት ነው፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። የአንኮበር መንገድ እንዲህ አይደለም።

እስቲ በእኛ ከፍታ እናስላው። አየራችን ስስ ስለሆነ ጥግግቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ይህ ይጠቅመናል። ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲገጥመው ራሱን የሚያገኘው 80 ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል፤ የአየሩ መሳሳት የሚመልስልን ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ነው። ጩኸቱ ደግሞ ከግፊቱ ይልቅ ይፈጥናል። ከላይትሂልና ከከርል የ1950ዎቹ ጥናቶች እንደምናውቀው ነፋስ ጠጣር ነገርን ሲመታ የሚወጣው የድምፅ ኃይል ወደ ፍጥነቱ ስድስተኛ ኃይል ይጠጋል። ስለዚህ ከ50 ወደ 80 መውጣት ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ባስቀመጠው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚፈቀድ ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። ጸጥ ባለ ቀን 8 ሰዓት የሚፈቀድለት ነጂ በነፋሻ ቀን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላለትም። የፍጥነት መለኪያው ግን በሁለቱም ቀን 50 ይላል።

በብሪታንያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሄልሜት ውስጥ ማይክሮፎን እያስቀመጡ የለኩ ተመራማሪዎች በአውራ ጎዳና ፍጥነት ጩኸቱ ከ90 ዴሲቤል እንደሚያልፍ አረጋግጠዋል። ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ከነፋሱ በታች ነው። ድምፁ በብዛት የሚገባውም ከሄልሜቱ ሥር፣ በአገጭና በአንገት በኩል ነው። የአገራችን ሰው አንገቱን በሻሽ ወይም በጋቢ ጫፍ ሸብ አድርጎ ሲነዳ ብርድ የሚከላከል ይመስለዋል፤ የጩኸቱንም መግቢያ እያጠበበ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በእነዚያ ዓመታት ለገበሬዎች ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ የነፋስ መከላከያ ዛፍ አተካከል ነበር። ድፍን የድንጋይ ካብ ነፋሱን በላዩ ስለሚያዘልለው ከጀርባው አዙሪት ይወርዳል፣ ቡቃያውንም ያጋድማል፤ ከነፋሱ ግማሽ ያህሉን የሚያሳልፍ የዛፍ ረድፍ ግን ብዙ ርቀት ድረስ ጸጥታ ይሰጣል እያልሁ፣ በጣቴ እያመለከትሁ አስረዳ ነበር። ትምህርቱን ስጨርስ በድፍን ካቤ ላይ ተቀምጬ ራሴ እየተናጠ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ዕውቀቱ በእጄ ነበር። ለገብስ ነው እንጂ ለሰው ራስ ነው ብዬ አላሰብሁም።

ዛሬ የሚደረገው መፍትሔ ያው የዛፉ ረድፍ ትምህርት ነው። በመስታወቱ ግርጌ ክፍተት ቢተው ከጀርባው አየር ስለሚገባ የሁለቱ ወገን የፍጥነት ልዩነት ይቀንሳል፣ አዙሪቱም ይዳከማል። ከፍታው ደግሞ ከሁለት አንዱ ይሁን፦ ንጹሕ ነፋስ ሄልሜቱን እንዲያገኘው ከትከሻ በታች ማጠር፣ ወይም ነፋሱ ከአናት በላይ እንዲያልፍ በበቂ መርዘም። መሐሉ ላይ መቅረት ከሁሉ የከፋ ነው። ከሁሉም በላይ ጥቂት ብር የሚያወጣ የጆሮ መድፈኛ የትኛውም መስታወት የማይሰጠውን ይሰጣል።

የታሪክ ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ የምትወስዱት ምንድን ነው? በመዛግብት ቤት የየመሥሪያ ቤቱን የሞተር ሳይክል ግዥ ደረሰኝ፣ የነዳጅ ሒሳብ፣ የጎማ ወጪ ታገኛላችሁ። በዚያው ሞተር ላይ ስለተቀመጠው ሰው ጆሮ የተጻፈ አንድ ገጽ ግን እኔ በፍለጋዬ አላገኘሁም። ያ ታሪክ ያለው በጡረተኛ ክትባት ሰጪዎች፣ በቀድሞ ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሸራ በጎን እየሰፉ ከብርዱ ጋር በሚታገሉ የባጃጅ ነጂዎችና «እናሳጥረው» ባሉት ዓይነት የጋራዥ አዛውንቶች ዘንድ ነው። አዛውንቱን ስፈልጋቸው ዐርፈው ነበር፤ በምን እንዳወቁት ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። እናንተ ግን ዛሬም በሕይወት ያሉትን ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ድምፃችሁንም ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ብዙዎቹ እንደ እኔ ናቸውና።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።