ዓይነ ስውራንን ያስጠጋው ጉባኤ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራና ጎንጅ ይጠራሉ። በእነዚህ ጉባኤዎች ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አለመሆኑ ግን እምብዛም አይነሣም። ደብረ ማርቆስ መንቆረር በምትባልበት ዘመንም ከዚያም በኋላ፣ የልጁ ዓይን የጠፋበት ወላጅ አንድ የታወቀ መንገድ ነበረው፤ ልጁን የኔታ ዘንድ መውሰድ።

ርኅራኄው እንዳለ ሆኖ፣ ትምህርቱ ራሱ ለእነርሱ የተመቸ ነበር። የቃል ትምህርት የሚሰጠው አመሻሽ ላይ፣ ከጨለመ በኋላ ነው። ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክዐ ኢየሱሱን የኔታ ወይም ታላቅ ተማሪ ይነግራል፤ ልጁ ይቀበላል። በዚያ ሰዓት ዓይናማውም ዓይነ ስውሩም እኩል ናቸው። ቅኔ ቤት ሲገባማ ትምህርቱ ይበልጥ ይመቸዋል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው። ለብቻው ተቀምጦ ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ እርሳቸውም እዚያው ያርሙለታል። ብራና አያሻም። ቁራሽ ልመና ሲወጣ ዓይናማው ጓደኛው ከውሻና ከገደል እየጠበቀ ይመራዋል፤ እርሱም በተራው ጓደኛውን ቀለም ያስቀጽለዋል።

በ1915 ዓ.ም. ጎጃም የተወለዱት አለቃ አያሌው ታምሩ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በልጅነታቸው ነው። በዚሁ ትምህርት አልፈው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኑ፤ «መች ተለመደና ከተኩላ ዝምድና» የተባለውን መጽሐፍም አበረከቱ። እስካረፉበት እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ቃላቸው ይደመጥ ነበር። ዓይነ ስውር ሊቅ ጉባኤ መምራቱ በአይሁድም ዘንድ ነበር፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በባቢሎን የፑምበዲታን ጉባኤ የመሩት ራቭ ዮሴፍ ዓይነ ስውር ነበሩ። እዚያም የሕጉ ትርጓሜ ይተላለፍ የነበረው በቃል ነው።

ይህ ሁሉ እያለ፣ ለዓይነ ስውሩ በር የከፈተው የቃል ትምህርት መስማት በተሳነው ልጅ ላይ በሩን ዘግቷል። ይህን ሳይናገሩ ጉባኤውን ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም። ያ ልጅ የኔታ የሚነግሩትን የሚቀበልበት መንገድ አልነበረውም።

ዛሬ ግን ለሁለቱም ልጆች መነሻ የሚሆን አለ፤ መንግሥት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸድቋል። የደብረ ማርቆስ የአብነት መምህራንና የዘመናዊው ትምህርት ቤት ባልደረቦቻቸው ሆይ፣ ተገናኙ፤ ብሬሉንም የምልክት ቋንቋውንም ወደ ጉባኤው አስገቡ።