የማኒ እሳት

ሰው ሸምግሎ አገር ለማየት ሲነሣ ልጆቹም ጎረቤቶቹም ይሥቁበታል። ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ዓመት እኔና ባለቤቴ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ የምትኖረውን የበኵር ልጃችንን ለመጠየቅ ሄደን ሳለ፣ በሜክሲኮ ያለውን የማያን ሕዝብ አገር ዩካታንን ሳናይ አንመለስም ባልን ጊዜ እርስዋም «አባባ፣ ገና ላሊበላን እንኳ አላያችሁም» ብላ ሥቃብናለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲሥለው የኖረውን ፒራሚድ አንድ ቀን በዓይኑ ለማየት ቢመኝ አይፈረድበትም። ባለቤቴ ግን የመጣችው እኔን ብቻዬን ላለመስደድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዐሥራ ሁለት ቀን ያየነውን ሁሉ ብዘረዝርልህ ትሰለቻለህ። በኡሽማል «የጠንቋዩ ቤት» የሚሉትን ፒራሚድ አይተናል፤ ቁመቱ ወደ 35 ሜትር ይጠጋል፤ ተረቱ አንድ ድንክ በአንድ ሌሊት ሠራው ይላል። በቺቼን ኢትዛም በአራቱ ጎን 91፣ 91 ደረጃ ያለውን፣ ከላይኛው ወለል ጋራ 365 የሚሞላውን ታላቅ ሕንፃ አይተናል። መውጣት ከተከለከለ ቆይቷል፤ ባይከለከልም የእኛ ጉልበት ራሱ ይከለክለን ነበር። እኔ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ ድንጋዩ አይደለም፤ ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ እሳት ነው።

ዋናዪቱ ከተማ ሜሪዳ በ1542 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) እስፓኛዊው ፍራንሲስኮ ዴ ሞንቴሆ፣ ስሙ ከአባቱ ስም ጋራ አንድ የሆነው ልጅዬው፣ ቲሖ በምትባል የማያ ከተማ ላይ የቈረቈራት ናት። «ላይ» ያልሁት እንዲሁ ለአነጋገር አይደለም። በ1598 የተፈጸመው ካቴድራል የታነጸው የጥንቱን ፒራሚዶች አፍርሰው ባወጡት ድንጋይ ነው። ከአደባባዩ ማዶ የሞንቴሆ ቤት አለ፤ በበሩ ላይ ጦር የያዙ ሁለት እስፓኞች ተቀርጸዋል፤ እግራቸውንም ያሳረፉት አፋቸውን ከፍተው በሚጮኹ የሰው ራሶች ላይ ነው። ባለቤቴ ይህን አይታ «ይህን በበራቸው ላይ አድርገው እንግዳ ይጠሩበት ነበር?» አለች። እኔም በታሪክ መምህርነቴ ያን ዘመን ላስረዳት ጀመርሁ፤ እርስዋ ግን አስቀድማ ወደ ጥላው ሄዳ ነበር።

ከሜሪዳ በስተ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኢዛማል የምትባል ከተማ አለች። ቤቶችዋ ሁሉ ብጫ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በመካከልዋ የፍራንቸስካውያን መነኮሳት ገዳም በአንድ ትልቅ የማያ መሠረት ላይ ተሠርቶ ይታያል፤ ደጀ ሰላሙ በቅስቶች የተከበበ፣ ስፋቱም የሚያስደንቅ ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1993 መጥተው የአገሩን ነባር ሕዝቦች ያነጋገሩት በዚሁ ስፍራ ነው። ይህን ገዳም ያሠራው አባ ዲዬጎ ዴ ላንዳ ይባላል፤ ሐውልቱም በከተማው አደባባይ ቆሟል።

ላንዳ በ1524 በእስፓኝ አገር ተወለደ፤ በ1549 ገና ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ወይም እንደ ሞላው ዩካታን ደረሰ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጀምር ነገሩ በቀለለልኝ ነበር። ግን አልነበረም። ብዙዎቹ ሰፋሪዎች የአገሩን ሰው እንደ ከብት ሲነዱ እርሱ ቋንቋቸውን ጠንቅቆ ተማረ፤ በመንደራቸው በእግሩ ዞረ፤ እስፓኞች ያደረጉትንም ግፍ በኋላ በጽሑፉ አልሸሸገም። ልጆችን ሰብስቦ ንባብና ዜማ ከሚያስተምሩት መነኮሳት አንዱ ነበር። እኔም ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። የእኔ አስተማሪዎች ከፍራንቸስካውያን ጋራ በሃይማኖት የሚስማሙ አልነበሩም፤ ነገር ግን ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ በወባ ታመው፣ ቋንቋችንን በተሰባበረ አፍ ተናግረው ፊደል ያስቈጠሩን እነርሱ ናቸው። ውለታቸውን አልክድም።

በ1562 በግንቦት ወር በማኒ ከተማ አጠገብ ሁለት ልጆች አንድ ዋሻ አገኙ፤ በውስጡም ጣዖታትና የሰው ራስ ቅል ነበሩበት። የተጠመቁት ሰዎች በስውር ወደ ቀድሞው አምልኮ መመለሳቸው ታወቀ። በዚያ ጊዜ ላንዳ የመነኮሳቱ ሁሉ አለቃ ነበር። ልቡ እንደ ተሰበረ እገምታለሁ፤ የተሰበረ የመምህር ልብ ደግሞ አደገኛ ነገር ነው። ሰዎቹን በእጃቸው በገመድ እያንጠለጠሉ እየገረፉ መረመሩአቸው። በኋላ በተደረገው ማጣራት የተሠቃዩት ከ4 ሺህ በላይ መሆናቸውና 158 ሰዎች በዚሁ ምክንያት መሞታቸው ተመዝግቧል። ሐምሌ 12 ቀን 1562 በማኒ ገዳም ፊት ታላቅ ጉባኤ ተደረገ፤ ጣዖታቱ ተሰባበሩ፤ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ።

እነዚህ መጻሕፍት ከዛፍ ልጥ በተሠራ፣ በኖራ በተለሰነ ወረቀት ላይ የተጻፉ፣ በእኛ አገር ሰንሱል እንደሚባለው እየታጠፉ የሚዘረጉ ነበሩ። ላንዳ ራሱ እንደ ጻፈው በመጻሕፍቱ ውስጥ ከአጉል እምነትና ከሰይጣን ሐሰት በቀር ሌላ ስላልነበረባቸው ሁሉንም አቃጠሉአቸው፤ ሰዎቹም በዚህ እጅግ አዘኑ። ማዘናቸውን መጻፉ ይገርመኛል። እንባቸውን አይቷል፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግን አልጠየቀም። ዛሬ በዓለም ሁሉ ተፈልገው የሚታወቁት የጥንት ማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በድሬስደን፣ በማድሪድና በፓሪስ፣ አራተኛው በሜክሲኮ ይገኛሉ።

የሰው መሥዋዕት በዚያ አገር አልነበረም የሚለኝ ቢኖር አልቀበለውም። በቺቼን ኢትዛ ካለው ከታላቁ የውኃ ጉድጓድ የሕፃናት ዐፅም ሳይቀር ወጥቷል። ላንዳ የተቈጣበት ነገር የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ነገር ግን ሰው የሚታረድበት ቢላዋ ሌላ ነው፣ የከዋክብት መቍጠሪያ መጽሐፍ ሌላ ነው፤ እሳቱ ይህን አይለይም።

በዚያው ዓመት በነሐሴ አዲሱ ጳጳስ ፍራንሲስኮ ዴ ቶራል ደረሱ። እርሳቸውም ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ነበሩ፤ ግን የታሰሩትን ፈቱ፣ ላንዳንም ከሰሱት። ላንዳ እስፓኝ ወርዶ ሲከራከር ሳለ በ1566 ገደማ ስለ ዩካታን ነገር አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያም ነጻ ተባለ፤ ቶራል ከሞቱ በኋላም ራሱ ጳጳስ ሆኖ በ1573 ተመለሰ፤ በ1579 በሜሪዳ ሞተ።

አሁን ድንቁን ነገር ስማ። መጽሐፍ ያቃጠለው ሰው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የማያን በዓላት፣ የቀኖችና የወሮች ስም፣ የቤትና የእርሻ ሥርዓት ሁሉ ይገኛል። ከሚነግሩት አንዱ ጋስፓር አንቶኒዮ ቺ የተባለ የማኒ አካባቢ የመኳንንት ልጅ ነበር፤ መነኮሳቱ እስፓኝኛና ላቲን አስተምረውት አስተርጓሚ ሆኖ የኖረ ነው። ይህን ሰው ባሰብሁ ቍጥር ወንበሬ ላይ መቀመጥ አይመቸኝም። በአንድ እጁ ከአስተማሪዎቹ የተቀበለውን ብዕር ይዞ፣ በሌላው የአያቶቹን ፊደል እያሳየ ከእሳቱ ማግሥት የኖረ ሰው ነው።

ላንዳ «ሀሁአችሁን ጻፉልኝ» ብሎ የማያን ምልክቶች በእስፓኝ ፊደል ተራ አስቀመጠ። ነገር ግን የእስፓኝ ፊደል እንደ ላቲኑ ድምፅ ለየብቻ የሚጻፍበት ነው፤ የማያ ግን እንደ እኛ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት የተጣመረበት ነበር። «ቤ» የምትባለውን ፊደል ሲጠይቅ ጸሐፊው የእግር ኮቴ ሣለለት፤ በማያ ቋንቋ «ቤ» ማለት መንገድ ነውና። ከዚያ «የፈለግኸውን ዐረፍተ ነገር ጻፍ» ቢለው ሰውዬው በአምስት ምልክት «ማ፣ ኢ፣ ን፣ ካ፣ ቲ» ብሎ ጻፈ፤ ትርጓሜውም «አልፈልግም» ነው። ላንዳ ይህን እንደ ምሳሌ አድርጎ በመጽሐፉ ከተተው።

የላንዳ ጽሑፍ ቅጂ በማድሪድ ተረስቶ ኖሮ በ1862 ብራሰር ዴ ቡርቡር የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ አገኘው፤ በ1864ም አሳተመው። ሊቃውንቱ ግን እንደ ላቲን ፊደል ሊያነቡት ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀረ፤ ዋጋ የለውም ብለውም ጣሉት። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የተባለ የሶቪየት ሊቅ፣ የማያን ፍርስራሽ አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ሳያይ፣ ሌኒንግራድ ተቀምጦ ነገሩን ፈታው። በጥንቱ መጽሐፍ ከቱርክ ዶሮ ሥዕል በላይ ሁለት ምልክት አለ፤ የፊተኛው በላንዳ ዝርዝር «ኩ» የሚባለው ነው፤ ዶሮው «ኩፅ» ስለሚባል ሁለተኛው «ፁ» መሆን አለበት አለ። ይህችው «ፁ» በውሻ ሥዕል ላይ በፊት መጣች፤ «ፁ፣ ሉ»፤ ውሻም በማያ «ፁል» ይባላል። ሙሉ ቃል የሚወክሉ ብዙ ምልክቶች ደግሞ ከነዚህ ጋራ ይደባለቃሉ፤ ሆኖም በሩ የተከፈተው በዚህ ነው። በ1960ም ታትያና ፕሮስኩርያኮፍ የተባለች ሴት ሊቅ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው የከዋክብት ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የነገሥታት ልደት፣ ንግሥናና የዘር ሐረግ መሆኑን አስረዳች። የሰው ስም ነበር ማለት ነው።

ወደ ማኒ የሄድነው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከሜሪዳ በስተ ደቡብ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሾፌራችን የማያ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር፤ ዛሬም በሜክሲኮ ይህን ቋንቋ የሚናገሩ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ናቸው። ልጄ በስልክ ባሳየችኝ አስተርጓሚ «በእናንተ ቋንቋ አልፈልግም እንዴት ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው ምሳ እምቢ ያልሁት መስሎት ፈገግ አለና «ማ ኢን ካቲ» አለኝ። ከመኪናው ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ገዳሙ ትልቅ፣ ግድግዳው የጠቈረ፣ ቅጥሩም ባዶ ነው። ዛፍ ሥር አረፍን። ባለቤቴ የላንዳን ነገር በመንገድ ላይ ስነግራት ዝም ብላ ሰምታኝ ነበር። አሁን «መምህር» አለችኝ፤ ስትከፋ እንዲህ ነው የምትጠራኝ፤ «የእናቴን ክታብ ስታቃጥል ውስጡ ምን እንደ ተጻፈ አይተህ ነበር?»

ይህን ነገር ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአፍዋ ሰምቼው አላውቅም። የመጀመሪያዪቱን ልጃችንን አርግዛ ሳለች እናትዋ ከጎጃም ገጠር በቀይ ቆዳ የተሰፋ ክታብ ለሾተላይ ብለው ልከውላት ነበር። እኔ የሃያ ሰባት ዓመት መምህር ነበርሁ፤ «በቤቴ የደብተራ ጥንቈላ አይገባም» ብዬ ከአንገትዋ ፈትቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። የሚነደው ቆዳ ሽታ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። ልጅቱ በደኅና ስትወለድ ደግሞ «አየሽ?» አልሁ።

በኋላ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዲህ ያሉትን ብራናዎች ቆሜ አንብቤአለሁ። የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት አለባቸው፤ የባለቤቲቱ የክርስትና ስም ይጻፍባቸዋል፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍም የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ በላዩ ይጻፋል። የፋቁት ስም ግን አንዳንድ ጊዜ በአዲሱ ሥር ይታያል። ይህን ካወቅሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ለባለቤቴ አልነገርኋትም ነበር።

«አላየሁም» አልኋት። «ስፌቱን አልፈታሁትም።»

«የእናቴ፣ የአያቴ፣ የቅድመ አያቴም ነበረ» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ሾፌሩ ውኃ አምጥቶ ሰጣት፤ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ የገባው ይመስላል።

ማታ ሜሪዳ ስንገባ የጉዞ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና የእናቶችዋን የክርስትና ስም እንድትነግረኝ ለመንኋት። መጀመሪያ ተኛች መሰለኝ። ኋላ ግን ተነሥታ ተቀመጠችና «የእናቴ ወለተ ማርያም ነው» አለች፤ ጻፍሁት። «የአያቴ አመተ ጊዮርጊስ።» እርሱንም ጻፍሁት። ለቅድመ አያትዋ ብዙ ጊዜ አሰበች፤ የሰፈሩን፣ የንስሐ አባታቸውን፣ የለበሱትን ሁሉ አስታወሰች፤ ስሙ ግን አልመጣላትም። ሦስተኛውን መሥመር ባዶ ተውሁት።