ጤና ይስጥልኝ

መተማ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ዮሐንስ የቆሰሉባት ዕለት። እኔ ግን ድቅን የሚሉብኝ ገንዳ ውሃ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ነክሳቸው፣ ካላዛር ያዛቸው። ከካላዛሩ ዳኑ። የደከመ ሰውነት የሚጠብቀው ኖማ ግን ጥርሳቸውንና የላንቃቸውን የኋላ ሥጋ በላው። (የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ከተዘነጉ የቆላ በሽታዎች ጎራ የጻፈው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ የተዘነጉት እንኳ ዘንግተውት ነበር።)

ሰላም ሲሉኝ የሰማሁት «ና» እና «ኝ»ን ብቻ ነው። ለስላሳው ላንቃ በአፍና በአፍንጫ መካከል ያለ በር ነው። በአማርኛ ይህ በር የሚከፈተው ለም፣ ለን እና ለኝ ነው፤ ለሌላው ይዘጋል። በሩ ሲፈርስ በ ወደ መ፣ ደ ወደ ነ ይሄዳል። ታፍኖ የሚፈነዳው ጠማ ትንፋሹ በአፍንጫ አምልጦ ይቀራል። ቡናውም እንዲሁ።

በር መሥራት የቆየ ሙያ ነው። ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዘመን የላንቃን ቀዳዳ የሚደፍን፣ በላዩ ስፖንጅ ያለው የብረት ሳህን ሠርቷል። ስፖንጁ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ሳህኑን ይይዘዋል። አሜሪካዊው ኖርማን ኪንግስሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1859 ከለስላሳ ጎማ የሚታጠፍ ላንቃ ሠራ። ጥሩ ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አፍ ውስጥ የሚይዘው ጥርስ ነው። ጥርስ የሌለውስ? ተራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላንቃ ላይ የሚጣበቀው አየር እንዳይገባ ታሽጎ ነው። ላንቃው ከተቀደደ አየር ይገባል፣ ሳህኑም ይወድቃል። ስለዚህ ሐኪሙ መሙያውን ውስጡን ባዶ አድርጎ ያቀለዋል፣ ዳር ዳሩን የሚንጠለጠልበት ጉብታ ይፈልጋል።

አጥንት ውስጥ የሚተከለው የቲታኒየም ብሎን ይህን ችግር አቃለለው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ የተከለለት ሰው፣ ዮስታ ላርሾን፣ ሲወለድ ላንቃው የተሰነጠቀ፣ በታች መንጋጋው ጥርስ ያልነበረው ነው። ብሎኖቹ እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት አገልግለውታል።

የገንዳ ውሃው አዛውንት የሚያውቁት መላ ሌላ ነው። ያልኩት እንዳልገባኝ አይተው አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ጨመቁ። ትንፋሹ መውጫ አጣና ጠ ተመለሰች። ና ደግሞ በተራዋ ጠፋች።

«ጤዳ ይስጥልኝ» አሉኝ፣ እየሳቁ።