ግብርና ርስት በስሜንና በወገራ፤ ከዐፄ ይስሐቅ እስከ ዐፄ ሱስንዮስ

በስሜን ተራሮች የተደረጉት ጦርነቶች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። በትምህርት ገበታ ላይ ሲወሱ ግን ብዙውን ጊዜ በክርስቲያን ነገሥታትና በቤተ እስራኤል መካከል የተደረገ የሃይማኖት ጠብ ተብለው ይታለፋሉ። ይህ አቀራረብ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ዜና መዋዕሎቹም የተጻፉት በዚሁ መንፈስ ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ ዜና መዋዕሎች ጠቡ የተቀሰቀሰበትን ምክንያት ሲገልጹ አስቀድመው የሚያነሡት የጸሎትን ሥርዓት ሳይሆን ያልገባውን ግብር ነው። ስለዚህም ነገሩን ከግብርና ከመሬት አንጻር መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ዛሬ ዳባትና ደባርቅ የሚገኙበት የወገራ ደጋ ሰፊና እህል አብቃይ ነው። ከደባርቅ ባሻገር ግን ምድሩ በድንገት ይሰበርና የስሜን አምባዎችና ገደሎች ይጀምራሉ። ሜዳው ያበላል፤ አምባው ይሸሽጋል። ከቀይ ባሕር ወደ ጣና አካባቢ የሚወስደው የንግድ መንገድም የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ የሚያልፈው በዚሁ ምድር ነበር። ወገራን የያዘ መንግሥት ሠራዊቱን መቀለብና መንገዱን መጠበቅ ይችላል። ስሜንን የያዘ ደግሞ ቢከፋው አምባው ላይ ወጥቶ ግብር አላገባም ለማለት አይቸገርም።

የዘመኑ መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ በገንዘብ የሚከፍል አልነበረም። ጨዋ የሚባለው ሠራዊት የሚኖረው በተሰጠው ጉልት፣ ማለትም ገበሬው ከሚያገባው ግብር ነበር። ርስት ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የባለቤትነት መብት ነው። በመርሕ ደረጃ ንጉሡ ጉልት ቢሰጥ ርስተኛው ከመሬቱ አይነቀልም፤ ግብሩን የሚቀበለው ሰው ብቻ ይለወጣል። የስሜንና የወገራ ታሪክ ልዩ የሚሆነው ይህ መርሕ የፈረሰበት በመሆኑ ነው። ግብር የሚለው ቃል ለንጉሥ የሚገባውንም ንጉሥ የሚያበላውንም ድግስ የሚያመለክት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል፤ ገባሪነት የታማኝነት ምልክት፣ አለመገበርም የዐመፅ ዐዋጅ ሆኖ ይቆጠር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ገደማ ወደ ስሜንና ወገራ ጦር ልከው እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። መሠረታዊው ለውጥ የመጣው ግን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን (1406–1422 ዓ.ም.) ነው። የስሜንና የደምቢያ ገዥ የነበረው ሰው ንጉሡ ቢያስጠራው አልመጣም አለ። ንጉሡም ዘመቱ፤ ከገዥው ዘመዶች አንዱ ከንጉሡ ወገን ቆመ፤ በኮሶጌ በተደረገው ጦርነትም ገዥው ድል ሆነ። ከድሉ በኋላ ዐፄ ይስሐቅ በወገራ አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ፤ መሬቱንም ለተከታዮቻቸው አከፋፈሉ። እንደሚተረከው፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ የታወጀውም ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሊቃውንት «ፈላሻ» የሚለውን ስም፣ መሬት ከሌለውና ከሚፈልስ ሰው ጋር በማገናኘት ከዚሁ ዐዋጅ ጋር ያያይዙታል፤ ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራው ግን ቤተ እስራኤል ብሎ ነው።

ይህን ዐዋጅ በጥሞና ለተመለከተው፣ እምነትን ከመለወጥ ይልቅ መሬትን ከመለወጥ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል። የተጠመቀው ርስተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተጠመቀው በገዛ አባቱ መሬት ላይ የሌላ ሰው ጭሰኛ ይሆናል። ከሜዳው ተገፍተው ወደ አምባው የወጡትም የተዋጉት ለእምነታቸውና ለርስታቸው በአንድነት ነበር፤ ሁለቱን መነጠል ለእነርሱ ትርጉም አልነበረውም።

የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ በእደ ማርያም ዘመቻዎች በስሜን ላይ ቢደረጉም አካባቢው ፈጽሞ አልተገዛም። ከዚያም የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሩን በሙሉ አናወጠው። ከጦርነቱ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ማዕከል ከደቡብ ወደ ሰሜን ምዕራብ መሸሽ ጀመረ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ ጉዛራን ሠሩ፤ በወገራም አይባ ላይ ከተሙ። ቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ ከሩቅ ይጠየቅ የነበረው ግብር አሁን በደጅ ተቀመጠ። የንጉሥ ሰፈር በሺህ የሚቆጠር አፍ አለው፤ ከዚህም በላይ ሰፈሩን ለሚከተለው ወታደር አዲስ ጉልት ያስፈልጋል። በስሜን የታየው እንቢተኝነት የተባባሰው በዚህ ጊዜ መሆኑ አያስደንቅም።

በዚያን ጊዜ የስሜን ቤተ እስራኤል መሪ ረዳይ የሚባል ሰው ነበር። በዐፄ ሚናስ ዘመን ተዘምቶበት ያልተሸነፈ ሲሆን፣ ለዐፄ ሠርፀ ድንግልም ግብር ማግባቱን አቋረጠ። ንጉሡ በትግራይ ቱርኮችንና ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የማረኩትን መድፍ ይዘው በ1572 ዓ.ም. ወደ ስሜን ዞሩ። ተከላካዮቹ ከአምባው ላይ ቋጥኝ እያንከባለሉ ሠራዊቱን መከቱ፤ መጨረሻው ግን ረዳይ እጁን መስጠቱ ሆነ። ከእርሱም በኋላ ካሌፍ፣ ኋላም ጎሼን ትግሉን ቀጠሉ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው፣ የተማረከች አንዲት ሴት ከማራኪዋ ጋር ታስራ ስትነዳ እርሱንም ይዛ ገደል መግባቷን ይተርካል። ጸሐፊው የንጉሥ ሰው ሆኖ ሳለ አድናቆቱን መሸሸግ አልቻለም።

ከዚህ ዜና መዋዕል ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ትኩረት የሚገባው ግን ሌላ ክፍል ነው። በዚያው ዘመን ኦሮሞዎች ከደቡብ እየገፉ ነበርና ንጉሡ እነርሱን ትተው ስሜን ላይ መዝመታቸው ጥያቄ ሳያስነሣ አልቀረም። ጸሐፊው ንጉሡ የክርስቶስን ደም ጠላቶች መውጋት ይሻላል ብለው እንደ መረጡ ይገልጻል። ሃይማኖታዊው ምክንያት በዚህ ሥፍራ የቀረበው እንደ መከላከያ መሆኑን ልብ ይሏል። ግብሩ ባይቋረጥ ኖሮ ይህን መከላከያ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

ፍጻሜው የመጣው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። የስሜኑ መሪ ጌዴዎን የዘውድ ተፎካካሪ የሆነን ሰው አስጠግቶ ነበር። ንጉሡም በቤተ እስራኤል ላይ ጭፍጨፋና በግድ የማጥመቅ ትእዛዝ አወረዱ። ጌዴዎን በ1610ዎቹ ዓመታት ተገደለ፤ የቤተ እስራኤል የፖለቲካ ነፃነትም አብሮት አበቃ። የስሜን መሬትም ከእጃቸው ወጣ። ይኸው ንጉሥ የካቶሊክን እምነት ባስገቡ ጊዜ የላስታ ክርስቲያን ገበሬዎችም በመልክአ ክርስቶስ መሪነት መነሣታቸው፣ በአገዛዙ ላይ ማመፅ የአንድ ሃይማኖት ጠባይ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በወታደርነት ያገለግሉ ጀመር፤ ባለሙያዎቻቸውም ማዕረግና መሬት ያገኙበት ጊዜ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ግን የነገሥታቱ ሥልጣን ሲወድቅ ይህም ዕድል አብሮ ወደቀ። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራትና ሽመና የኑሯቸው መሠረት ሆኑ፤ ያረሱም እንደ ሆነ በሌላ ሰው ርስት ላይ ነበር። በኋላ ዘመን ጎረቤቶቻቸው «ባለ እጅ» እያሉ ሲንቋቸውና ቡዳ እያሉ ሲሸሿቸው፣ ንቀቱ ከሙያው የመጣ ይመስላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ወደ ሙያው የገፋቸው የመሬት እጦት ነው።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ባደረገና ጭሰኝነትን በሻረ ጊዜ፣ የወገራና የስሜን ቤተ እስራኤል ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ወዲህ አምስት መቶ ተኩል ያህል ዓመት ቆይተው በሕግ ፊት ከጎረቤቶቻቸው እኩል የመሬት ተጠቃሚዎች ሆኑ። ዐዋጁን የተቃወሙ ባለ ርስቶች በዚሁ አካባቢ የጦር መሣሪያ አነሡ፤ መሬት ያገኙትም በሰላም ሊያርሱት አልቻሉም። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ዐዋጁ ከወጣ ገና 16 ዓመቱ ነበር።