የማይታዘዝና የማይከለከል ስጦታ፦ ቅዱስ ቁርባን በሶደርማልም

በስቶክሆልም ደቡባዊ ደሴት በሶደርማልም የቅዱስ ኤሪክ ካቶሊካዊ ካቴድራል ይገኛል። ስሙን ያገኘው ከ12ኛው መቶ ዘመን የስዊድን ንጉሥ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ ኤሪክ በኡፕሳላ ሲያስቀድስ የጠላት ጦር መቅረቡን ነገሩት፤ እርሱ ግን ቅዳሴው ሳይፈጸም አልነሣም አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣም ተገደለ። ከዚህ ንጉሥ ብዙ ዘመናት በኋላ በአገሩ የካቶሊክን ቅዳሴ ማስቀደስ ወንጀል ሆነ። አንድ ሕዝብ ቅዱሱን ያከበረበትን ማዕድ እንዴት ሊከለክል ቻለ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ማዕዱ ምን እንደሆነ መረዳት ያሻል። በካቶሊክ እምነት ክርስቶስ አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ሥጋውንና ደሙን ለደቀ መዛሙርቱ ሰጠ፤ በእያንዳንዱ ቅዳሴም ኅብስቱና ወይኑ በእውነት ሥጋውና ደሙ ይሆናሉ። ማንም በሥራው ብድራት አያገኘውም። ግእዝ ይህን በሁለት ቃላት አስተባብሮ ይዞታል። «ቁርባን» መባም መቅረብም ነው፤ «አኰቴት» ደግሞ ምስጋና ነው፤ የግሪኩ «ኤውካሪስቲያ» ትርጕምም ይኸው ነው። ሰጪው ሳይገደድ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ሳይገደድ ያመሰግናል። ከሁለቱ አንዱ በኃይል ከተተካ ስጦታነቱ ይጎድላል።

የስዊድን ታሪክ ይህን ከሁለቱም ወገን ፈትኖታል። በ1593 የኡፕሳላ ጉባኤ የሉተራን እምነትን ለመንግሥቱ አጸና። በ1617 የወጣው የኧሬብሩ ድንጋጌ ወደ ካቶሊክ እምነት የሚገባ ስዊድናዊ ውርሱንና አገሩን እንዲያጣ አዘዘ። የ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ የሉተራኑን ቁርባን ከዜግነት ግዴታ ጋር አስተሳሰረው፤ ካልቆረበ ሰው ለማግባት እንኳ ይቸገር ነበር። ሉተራኖችም ክርስቶስ በቁርባኑ በእውነት እንዳለ ያምናሉ፤ ችግሩ ከእምነታቸው ይልቅ ከሕጉ ነበር። ያው ሕግ አንዱን ማዕድ ግዴታ፣ ሌላውን ወንጀል አደረገው።

በ1781 ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ የመቻቻል ዐዋጅ አወጣ። በስዊድን የሚኖሩ የባዕድ አገር ክርስቲያኖች እንደ እምነታቸው እንዲያመልኩ ፈቀደ፤ ለስዊድናውያን ግን እገዳው ጸና። በ1783 ኒኮላውስ ኦስተር የመጀመሪያው ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። በቀጣዩ ዓመት ካቶሊኮቹ በሶደርማልም ጫፍ፣ ዛሬ የስቶክሆልም ከተማ ሙዚየም ባለበት የደቡብ ማዘጋጃ ቤት በአንድ አዳራሽ ቅዳሴ ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያን ስላልነበራቸው እስከ 1837 ድረስ በዚያው ቆዩ። ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያውና የኤምባሲው ሠራተኛ ከባዕድ አገር ስለመጡ ብቻ ይቆርባሉ፤ የከተማው ተወላጅ ግን በዚያው በር ገብቶ ቢቆርብ ስደት ይጠብቀዋል። ስጦታው በትውልድ ተከፋፈለ።

ይህ የወረቀት ሕግ ብቻ አልነበረም። በ1858 ወደ ካቶሊክ እምነት በመግባታቸው ስድስት ሴቶች ከስዊድን እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው፤ የውርስ መብታቸውንም አጡ። ፍርዱ በአውሮፓ ብርቱ ተቃውሞ አስነሣ። በ1860 የስደት ቅጣት ከሕጉ ተሠረዘ፤ ሙሉ የሃይማኖት ነጻነት ግን እስከ 1951 ድረስ አልተፈቀደም። ሴቶቹ የሄዱት ያለ ርስት ነው፤ የተቀበሉት ደግሞ በዋጋ የማይተመን ነገር ነበር። ስጦታ ነጻ ነው ማለት የሚቀበለው ሰው ምንም አይከፍልም ማለት እንዳልሆነ በእነርሱ ይታያል።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ዋጋ ተከፍሏል። ከጎጃም የተነሡት መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ወደ ካቶሊክ እምነት ገብተው፣ በ1855 በእስር እንዳሉ ዐረፉ። መምህራቸው አቡነ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 የመጡ ጣልያናዊ ሲሆኑ፣ ለኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች የግእዝን ሥርዓት ጠበቁ። ባዕዱ ያመጣውን በተቀባዩ ቋንቋ አቀረበ። በኢትዮጵያም በስዊድንም ከሳሹ የሌላ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ታሪኩን ይበልጥ ያመርረዋል።

የቅዱስ ኤሪክ ቤተ ክርስቲያን በ1892 ተመረቀ፤ በ1953 የስቶክሆልም ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ካቴድራል ሆነ፤ ምእመናኑ ስለበዙ በ1983 ሰፋ። ያበዙት በአብዛኛው ከፖላንድ፣ ከክሮኤሽያ፣ ከቺሊ፣ ከኢራቅ፣ ከኤርትራና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ስደተኞች ናቸው። በዚህም የ1781ዱ ዐዋጅ ተገለበጠ። ሕጉ ለባዕዳን ብቻ የፈቀደውን ማዕድ ባዕዳኑ ጠብቀው ለተወላጁ አቆዩት። በ1998 ለሀገረ ስብከቱ የተሾሙት አንደሽ አርቦሬሊየስ ከተሐድሶ ወዲህ የመጀመሪያው ስዊድናዊ የካቶሊክ ጳጳስ ሆኑ፤ በ2017 ደግሞ ካርዲናል።

በጥቅምት 2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስና የሉተራን መሪዎች በስዊድኗ የሉንድ ከተማ በአንድነት ጸለዩ። በጋራ መግለጫቸው ብዙ ምእመናን በአንድ ማዕድ ለመቍረብ እንደሚናፍቁ አመኑ፤ አብረው ግን አልቆረቡም። የ1617ቱ ድንጋጌ አልፏል፤ ቁስሉ ግን አለ። ማዕዱ በሕግ ኃይል እንደተከፈለ በሕግ ኃይል አንድ አይሆንም። በሶደርማልም ማንም ሳይገደድና ሳይፈራ የሚቆርብበት ቀን ከ1617 ጀምሮ ሲቆጠር ከሦስት መቶ ዘመን በላይ ፈጅቷል፤ ዛሬ በካቴድራሉ እጁን የሚዘረጋ ሰው የሚቀበለው ያንን ዘመን ያለፈ ስጦታ ነው።